በፊደል ስለ ተሠራው የአስማት ትምህርት ቤት

አስማት የሚለው ቃል በግዕዝ የስም ብዙ ቁጥር ነው፤ ትርጓሜውም ስሞች ማለት ነው። በኋላ ግን ስውር ስሞችን እየጠሩ ኃይል ለማግኘት የሚደክሙ ሰዎች ስለ በዙ ቃሉ ከጥንተ ትርጓሜው ወጥቶ ለምትሐትና ለጥንቆላ መጠሪያ ሆነ። ዛሬ የአውሮጳና የአሜሪካ ወጣቶች በኢንተርኔት የሚጫወቱት አንድ ዓይነት ጨዋታ አለ። እርሱም ሥዕል የሌለው፣ ድምፅ የሌለው፣ ገንዘብም የማይከፈልበት፣ በጽሕፈት ብቻ የሚከናወን የአስማት ትምህርት ቤት ነው። ወደዚህ ጨዋታ የሚገባ ሰው ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ለራሱ አዲስ ስም ማውጣት ነው። እንግዲህ ተጫዋቾቹ ሳያውቁት የቃሉን ጥንታዊ ትርጓሜ ይዘውታል።

የጨዋታው አሠራር እንዲህ ነው። አንድ ወጣት በገዛ ፈቃዱ ይመዘገባል፤ ለራሱም ከእውነተኛው ስሙ የተለየ ስም፣ የትውልድ ታሪክና ጠባይ ይጽፋል። ከዚህ በኋላ በትምህርት ቤቱ ካሉት ማኅበሮች ወደ አንዱ ይመደባል፤ እንግሊዞችም ይህን ማኅበር ‹ቤት› ብለው ይጠሩታል። የሚያስተምሩትም፣ የሚማሩትም፣ ደጁን የሚጠብቁትም ሁሉ እንደ እርሱ ያሉ ተጫዋቾች ናቸው። አንዱ አንድ አንቀጽ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ከእርሱ ተቀብሎ ይቀጥላል፤ ሦስተኛው መጥቶ ነገሩን ወደ ሌላ መንገድ ይመልሰዋል። በዚህ ዓይነት ከቀን ወደ ቀን አንድ ረዥም ታሪክ ይበቅላል። የቤት ሥራውን በደኅና የጻፈ ለቤቱ ነጥብ ያገኛል፤ ዓመቱን የፈጸመም ወደሚቀጥለው ክፍል ይወጣል። ጨዋታውን ያቋቋሙት ሰዎች ሥርዐቱን ይጠብቃሉ፤ ነገር ግን እነርሱም ለድካማቸው ደመወዝ አይቀበሉም። ስለዚህ ነገሩ በአንድ ወገን ጨዋታ፣ በሌላ ወገን ደግሞ ብዙ ሰዎች ተባብረው የሚደርሱት ልብ ወለድ ታሪክ ነው። በዚህም ምክንያት እንደ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን እንደ ድርሰት ሊመረመር ይገባዋል።

ይህ ለሎንዶን ልጆች የሚሆን ወሬ ነው፤ ለኢትዮጵያ፣ ይልቁንም ለሩቁ ጠረፍ ምን ይመለከተዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ከአሶሳ በስተሰሜን ባለችው በመንጌ ሊታይ ይችላል። በመንጌ ያደገ የበርታ ልጅ በቤቱ የእናቱን ቋንቋ ይሰማል፤ በቁርኣን ትምህርት የዐረብኛን ፊደል ይለምዳል፤ በመሥሪያ ቤት ደግሞ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ የሆነውን አማርኛን ያገኛል። ገና ጢሙ ሳይወጣ በሦስት ቋንቋ የሚያስብ ልጅ ለታሪክ ድርሰት ምን ያህል የተሰናዳ እንደ ሆነ መምህራን ያውቁታል። ሥዕልና ድምፅ ያለበት የኮምፒዩተር ጨዋታ ውድ መሣሪያና ብርቱ የኢንተርኔት መስመር ይፈልጋል። ጽሕፈት ብቻ የሆነው ጨዋታ ግን ሸክሙ እንደ ደብዳቤ ቀላል ነውና መስመር በደከመበት ስፍራ እንኳ በትንሽ ስልክ ያልፋል። እንግዲህ ከኢንተርኔት ጨዋታዎች ሁሉ ወደ ገጠርና ወደ ጠረፍ ርቆ ለመሄድ የሚችለው ይኸው ነው። ነገሩ ከልጆች እጅ ከገባ በኋላ ከመደንገጥ፣ አስቀድሞ ጥቅሙንና ጉዳቱን ለይቶ ማወቅ ለካህናትም ለወላጆችም ይሻላል።

የዚህ ጨዋታ ትውልድ ረዥም አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን፣ ሰዎች በገበታ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዱ የአንድ ልብ ወለድ ሰው ጠባይ ይዞ የሚናገርበትን ‹ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ› የተባለ ጨዋታ አወጡ። በ1978 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾ የተባለ ተማሪ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በኮምፒዩተር ገብተው የሚጫወቱበትን ‹መድ› የተባለ የጽሕፈት ዓለም ጀመረ፤ ጓደኛው ሪቻርድ ባርትልም ተቀብሎ አሳደገው። በዚያ ዓለም ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ሰው የሚደርስበት የመጨረሻው ማዕርግ ‹ጠንቋይ› ይባል ነበር፤ ወደዚህ ማዕርግ የደረሰም በጨዋታው ላይ ከሌሎቹ የበለጠ ሥልጣን ይሰጠው ነበር። በ1991 በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ አምስት ተማሪዎች ‹ዲኩመድ› የተባለውን የዚህን ዓይነት ሥራ ለሁሉ አወጡ፤ በፈቃዱም ጽሑፍ ላይ ማንም ሰው በዚህ ሥራ ገንዘብ እንዳያተርፍ ከለከሉ። እነሆ በነፃ መጫወት የተባለው ልማድ ከእንዲህ ያለ የተማሪዎች ፈቃድ የወጣ ነው።

የትምህርት ቤቱ ሐሳብ ግን ከመጻሕፍት የመጣ ነው። ኡርሱላ ለ ጉዊን የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ በ1968 ስለ ‹ኤርዝሲ› ደሴቶች ባወጣችው መጽሐፍ ውስጥ በአንዲት ደሴት ላይ የጠንቋዮች ትምህርት ቤት አለ፤ የትምህርቱም ሥር የእያንዳንዱን ፍጥረት እውነተኛ ስም ማወቅ ነው። ግዕዝ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ባነበበ ጊዜ አስማት ማለት ስሞች ማለት መሆኑን አስታውሶ ሳይደነቅ አይቀርም። ከዚህ በኋላ እንግሊዛዊቱ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ከ1997 እስከ 2007 ሀሪ ፖተር የተባለውን ልጅ ታሪክ በሰባት መጻሕፍት ጻፈች። በዚያም ሆግዋርትስ የሚባል ባለ አራት ቤት ትምህርት ቤት አለ። መጽሐፉን አንብበው ሲጨርሱ ከትምህርት ቤቱ ለመውጣት ያልፈለጉት ልጆች በየራሳቸው ጽሕፈት ደጁን እንደ ገና ከፈቱት። ጨዋታው የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው።

በክርስቲያን አገሮች ይህ ነገር ብዙ ክርክር አስነሥቷል። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ከመደርደሪያ እንዲነሡ አቤቱታ ከቀረበባቸው መጻሕፍት መካከል የሀሪ ፖተር መጻሕፍት አንደኛውን ስፍራ እንደ ያዙ መዝግቧል። ተቃዋሚዎቹ ያለ ምክንያት አልተነሡም። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው በኤፌሶን ያመኑት ሰዎች የአስማት መጻሕፍታቸውን ሰብስበው አቃጠሉ፤ ዋጋቸውም ኀምሳ ሺህ ብር ሆኖ ተገኘ። በኢትዮጵያም ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፈ ብርሃን ጠንቋዮችንና አስማተኞችን አጥብቀው አውግዘዋል። እንደዚህ ያለ ውርስ ያላት ቤተ ክርስቲያን የአስማት ትምህርት ቤት የሚል ስም በሰማች ጊዜ ጆሮዋን ብታቆም አይፈረድባትም።

ነገር ግን ይኸው መጽሐፍ ቅዱስ ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ እንደ ተማረ ይናገራል። ዳንኤልም በባቢሎን ቤተ መንግሥት ሦስት ዓመት ተምሮ ከአገሪቱ አስማተኞች ሁሉ ዐሥር እጥፍ በልጦ ተገኘ። በእንግዳ ትምህርት ቤት መቀመጡ አልጎዳውም፤ የማይበላውን ለይቶ ያውቅ ነበርና። ስለዚህ የነገሩ ፍርድ በስሙ ላይ ሳይሆን በውስጡ በሚሠራው ሥራ ላይ ሊቆም ይገባዋል። ለዚህም አስቀድሞ የአስማት ኃጢአቱ በምን እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ አስማት ከጥንት ጀምሮ የጽሕፈት ሥራ ነው። ክታብ የተባለው ረዥምና ጠባብ ብራና ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሰፋል፤ በውስጡም የመላእክት ሥዕልና ዐይኖች ይሣላሉ፤ የቅዱስ ሱስንዮስና ሕፃናትን የምትገድለው የወርዝልያ ታሪክ ይጻፋል፤ የባለቤቱም የክርስትና ስም በየስፍራው ይገባል። በሱዳን አዋሳኝ ባለው ምድርም የቁርኣን ቃል ተጽፎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት ወይም በክንድ ይታሠራል። ክታብ የሚለው ቃል ራሱ መጻፍ ከሚለው ሥር የወጣ ነው፤ ይህም ሥር ለግዕዝና ለዐረብኛ የጋራ ነው። እንግዲህ በጎንደር ያለ ደብተራና በመንጌ ያለ ፈቂህ በሃይማኖት ቢለያዩም፣ የተጻፈ ቃል ኃይል እንዳለው በማመን ይገናኛሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፉው ነገር ጽሕፈቱ አይደለም፤ ጸሎትም ይጻፋልና። ሰው ከደዌ እንዲድን መመኘትም ኃጢአት አይደለም። ክፋቱ የሚገለጠው እንደ መስተፋቅር ባለው ሥራ ነው። መስተፋቅር ያልወደደችውን ሴት ሳትፈቅድ እንድትወድድ ያደርጋል የሚባል ነገር ነው። የባላጋራን አንደበት በዳኛ ፊት ያሥራል ተብሎ የሚደገመውም እንዲሁ ነው። እግዚአብሔር ለሰው ነፃ ፈቃድ ሰጥቶታል፤ አስማተኛው ግን ያንን ፈቃድ ከባልንጀራው ላይ ሰርቆ በእጁ ሊይዝ ይመኛል። ቢሳካለትም ባይሳካለትም የልቡ ኃጢአት ይህ ነው። የባልንጀራን ፈቃድ መስረቅ የሚለውን መለኪያ ይዞ ወደ ጨዋታው የተመለሰ ሰው የማይጠብቀውን ነገር ያገኛል።

በእነዚህ የጽሕፈት ጨዋታዎች ዘንድ ከሁሉ የከበረ አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ማንም ተጫዋች በሌላው ሰው ላይ የሚሆነውን ነገር እንዳይጽፍ የሚከለክል ነው። አንዱ ተማሪ በሌላው ላይ የአስማት ቃል ሊጥል ቢፈልግ መጣሉን ብቻ ይጽፋል፤ መውደቁን ግን አይጽፍም። «ሊያስተኛው ቃሉን ወረወረበት» ማለት ይችላል፤ «አስተኛው» ማለት ግን አይችልም። ተኛ ወይም አልተኛም ብሎ የሚጽፈው ቃሉ የተወረወረበት ሰው ነው። እነሆ በዚህ ትምህርት ቤት ያለው አስማት ሁሉ በባልንጀራ ፈቃድ ካልሆነ አይሠራም። የመስተፋቅር ነገር በዚህ ስፍራ ፈጽሞ ተገልብጧል። ስሙ አስማት የተባለው ጨዋታ በሥርዐቱ አስማትን የሚከለክል ሆኖ ተገኘ። ይህንንም ሕግ የጻፉት ሰዎች የነገረ መለኮት መምህራን አልነበሩም፤ አብሮ መጻፍ ያለ መከባበር የማይሆን መሆኑን ከሥራው የተማሩ ወጣቶች ነበሩ።

ሕጉ በፈረሰ ጊዜ ምን እንደሚሆን የታወቀ ምሳሌ አለ። ፓቬል ከርቲስ የተባለ አሜሪካዊ በ1990 ‹ላምዳሙ› የተባለ የጽሕፈት ዓለም መሠረተ። በ1993 በዚያ ስሙን የሸሸገ አንድ ተጫዋች፣ የሌሎቹን ሰዎች ተግባር በገዛ ፈቃዱ የሚጽፍ ትእዛዝ ሠርቶ፣ በእነርሱ ስም አሳፋሪና ጨካኝ ነገር በሁሉ ፊት ጻፈ። ያም ትእዛዝ የአስማት አሻንጉሊት ይባል ነበር። ጁልያን ዲቤል የተባለ ጋዜጠኛ በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ይታተም በነበረው በ‹ቪሌጅ ቮይስ› እንደ ገለጠው፣ የማንም ሰው ገላ አልተነካም፤ ነገር ግን ከተበደሉት አንዲቱ ስለ ነገሩ በጻፈች ጊዜ አልቅሳለች። ተጫዋቾቹም ለብዙ ጊዜ ተከራክረው በመጨረሻ አቤቱታና የድምፅ አሰጣጥ ሥርዐት ተቋቋመ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት የኢትዮጵያ ሽማግሌዎች ይህን ሳያዩ ተናግረውታል። ሥዕልና ድምፅ በሌለበት ዓለም ቃል ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህም የሚያቆስለው የሚፈውሰውም እርሱ ነው። ጠንቋይ ነኝ ያለው ልጅ በትሩን ቢያወዛውዝ አንዲት ዝንብ አይገድልም፤ በክፉ ቃሉ ግን የሰው ልብ ይሰብራል። ካህናት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚገባቸውም ምን ዓይነት አስማት ተማርህ ብለው ሳይሆን በሰው ላይ ምን ጻፍህ ብለው ነው።

ከሥነ ምግባሩ ወደ ድርሰቱ ሲታለፍ፣ መልካሙ ጽሕፈትና መጥፎው ጽሕፈት በዚሁ ሕግ ይለያሉ። ለምሳሌ አንዱ ተጫዋች እንዲህ ይጻፍ፦ «ነጐድጓድ በትሩን አነሣ። ታላቅ ኃይልም ወጣ። ተራራው ተሰነጠቀ፤ ጠላቶቹም ሁሉ ወደቁ። እርሱን የሚያሸንፍ በዓለም አልተገኘም።» ሌላው ደግሞ እንዲህ ይጻፍ፦ «ነጐድጓድ በትሩን ሲያነሣ እጁ ተንቀጠቀጠ። ትናንት የተማረውን ቃል ለማስታወስ ደከመ፤ ግማሹ ብቻ መጣለት። በደጁ የቆመችው ልጅ ሳቋን አፍና እንደምትመለከተው ዐውቋል።» የፊተኛው ጩኸት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጸሐፊ የሚሠራው ነገር አልቀረለትም። ተራራው ተሰነጠቀ፤ ሰው ሁሉ ወደቀ፤ ታሪኩም በዚያው ሞተ። ሁለተኛው ግን ግማሽ ቃል አጉድሎ፣ አንዲት ልጅ በደጅ አቁሞ ብዕሩን ለባልንጀራው ሰጠ። ልጅቱ ትስቅ ይሆን ወይስ የጎደለውን ቃል ትነግረው ይሆን? ታሪኩ የሚቀጥለው በዚህ ጥያቄ ነው። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ብልህ ደራሲ የሚባለው ብዙ የሚያሳይ ሳይሆን ለሌላው ስፍራ የሚተው ነው።

የበርታ ሰዎች ይህን ጥበብ በዋዛ ያውቁታል። ዋዛ ማለት ቅል ከቅል ጋር ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረዥም መለከት ነው፤ በመከርና በበዓል ጊዜም ብዙ ሆኖ በማኅበር ይነፋል። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ብቻውን የሚነፋ ሰው ዜማ ሊያወጣ አይችልም፤ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ የራሱን ድምፅ በስፍራው ሲያገባ ግን ዜማው ምሉዕ ይሆናል። ከተራው ውጭ የሚነፋ ሰው ለራሱ ኀይለኛ መስሎ ቢታየውም ዜማውን ያፈርሳል። በመንጌ ያደገ ልጅ ወደ ጽሕፈት ጨዋታ ቢገባ ከለንደን ልጅ የሚያንስበት ነገር የለም፤ በማኅበር መጫወት ምን እንደ ሆነ ከአባቶቹ አይቷልና። በዚሁ አገር ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎችም አፈሩን በገበቴ እየናጡ፣ ብዙውን ጥለው ጥቂቱን ያስቀራሉ። ነጥብ የሚያገኙት በቃል ብዛት ይመስል ገጽ የሚሞሉ ጸሐፊዎች ይህን አጠባ ቢማሩ በተጠቀሙ ነበር።

ይህን ያህል ከተመሰገነ በኋላ የጨዋታው ጉድለት ሊሰወር አይገባውም። የመጀመሪያው ጉድለት መምህር የሌለው ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። ይህም ከኢትዮጵያ የቅኔ ቤት ጋር ሲነጻጸር ጎልቶ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ክፍሎችም ‹ቤት› ይባላሉ፤ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት እየተባለ። የቅኔውም ስልት በዋድላ፣ በጎንጅና በዋሸራ ስም ይለያል። የቆሎ ተማሪ ከዘመዱ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ ይማራል፤ መምህሩም ከእርሱ ዋጋ አይቀበልም። በነፃ መማር እንግዲህ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይወጣል። ቅኔውን ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተሳሳተውን ያርማል፤ ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማለትን ይመልሰዋል። ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ደግሞ ሊያቀርበው ነውር ነው፤ በየቀኑ አዲስ ነገር መውለድ አለበት። ሕዝቡ የተማሪውን ዕውቀት አይቶ አብሾ ጠጥቶ ነው፣ አስማት ደግሞ ነው ይላል፤ መምህሩ ግን ዕውቀቱ ከድካም እንደ መጣ ያውቃል።

በጨዋታው ግን ደረጃ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በመቈየትና በቃል ቍጥር ነው። ልጁ ሰባት ዓመት ተማረ ተብሎ የሚጻፍለት በጥቂት ወራት ነው፤ ዛሬ ተማሪ የነበረው ነገ መምህር ይሆናል፤ የሚያስተምረውም የሌለ ትምህርት ነው። ሳይደክሙ የሊቅ ስም ማግኘት ለወጣት ልብ ጣፋጭ መርዝ ነው። ሲሞን መሠርይ የሐዋርያትን ሥልጣን በገንዘብ ሊገዛ መፈለጉ ይታወሳል፤ ነፃው ጨዋታ ገንዘብ ባይጠይቅም ያለ ድካም የሚገኝ ማዕርግ ከዚያ ምኞት የራቀ አይደለም። በዚያ ላይ የጓደኞቹ ምስጋና እንጂ የመምህር እርማት ስለሌለው፣ ብዙ ዓመት ጽፎም አጻጻፉ ሳይሻሻል የሚቀር አለ። ሰው በምስጋና ብቻ አይማርም።

ሁለተኛው ጉድለት የስሙ ነገር ነው። ክርስቲያን በጥምቀት ስም ይቀበላል፤ በዚያም ስም ይቆርባል፤ በዚያም ስም በሞተ ጊዜ ጸሎት ይደረግለታል። ተጫዋቹ የሚያወጣው ስም ግን ሲፈልግ የሚለብሰው፣ ሲፈልግ የሚጥለው ልብስ ነው። ይህ ለልብ ወለድ ታሪክ መልካም ነው፤ ደራሲ ሁሉ በሌላ ሰው አፍ ይናገራልና። ዐይን አፋር ልጅ በእንግዳ ስም ተከልሎ በልቡ ያለውን ሲጽፍ፣ ለብቻው ከመተከዝ ይድናል። ነገር ግን በላምዳሙ እንደ ታየው በደለኛም በዚሁ መጋረጃ ይሸሸጋል። የልጅ ጠባይ ያለው ስም ከበስተኋላው ልጅ ስለ መኖሩ ምስክር አይሆንም። ስለዚህ ወላጆች ልጃቸው ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ ሊያውቁ ይገባቸዋል፤ ይህም ስለ አስማት ከመፍራት የበለጠ ተገቢ ፍርሃት ነው።

ሦስተኛው ጉድለት መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው። መልካም ታሪክ መነሻና መድረሻ አለው፤ የተዘራው ይታጨዳል፤ በደለኛው ይጸጸታል ወይም ይቀጣል። ይህ ጨዋታ ግን አንዱ ሲደክም ሌላው እየገባ ይቀጥላል፤ የተጀመረው ጉዳይ ሳይፈጸም ይረሳል። የሞተው ሰው እንኳ ባለቤቱ ከፈለገ በሌላ ስም ይመለሳል። ሞት የሌለበት ታሪክ ንስሐም የለበትም፤ ሁሉ ነገር ሊመለስ የሚችል ከሆነ ምንም ነገር ዋጋ የለውም። በዚህ ረገድ ጨዋታው ከደራሲነት ይልቅ ወደ ወግ ያደላል። ወግ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሊያስመሽ ይችላል፤ ሲነጋ ግን የሚታጨድ ነገር አይገኝበትም።

አራተኛው ጉድለት ከጨዋታው ሳይሆን ከኢትዮጵያ ወገን ነው። ይህ የጽሕፈት ዓለም የተወለደው በእንግሊዝኛ ነው፤ ትምህርት ቤቱም የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት አምሳል ነው። የመንጌ ወይም የጎንደር ልጅ በዚያ ቢገባ በትር ይዞ፣ ባላየው በረዶ ውስጥ፣ ባልበላው ምግብ ዙሪያ ሊጽፍ ይገደዳል። ቀድሞ የፊደል ችግር አለ ይባል ነበር፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ በስልክ ሁሉ ይጻፋል። እንግዲህ የቀረው የሐሳብና የፈቃድ ነገር ነው። በአማርኛ የሚጻፍ፣ ነፃ የሆነ፣ የቅኔ ቤት አምሳል ያለው የጽሕፈት ጨዋታ ቢሠራ፣ ተማሪው በደበሎ ይገባል፤ ከውሻ የሚሸሽበት መንደር፣ የሚለምንበት ደጅ፣ የሚፈራው መምህር ይኖረዋል። ወደ ላይ የሚወጣውም ነጥብ በመሰብሰብ ሳይሆን ሰምና ወርቁን በማስማማት ይሆናል። የመንጌውም ልጅ ዋዛውን፣ ወርቅ አጣቢዎቹን፣ ሦስቱን ቋንቋዎቹን ይዞ ይገባል፤ ሌሎቹም ከእርሱ ይማራሉ።

እንደዚህ ላለ ሥራ ቅኔ ያወቁ ካህናት ከሁሉ ይልቅ የተገቡ ናቸው። በጨዋታው የጎደለው መምህር በእነርሱ ዘንድ አለና፤ የማረም ልማድም አላቸው። ልጆችን ከአንድ ነገር መከልከል ቀላል ነው፤ ነገር ግን የተከለከለ ልጅ በስውር ይገባል፤ በስውር የገባም ልጅ ቢጎዳ የሚነግረው የለውም። የተሻለ ነገር ከሰጡት ግን በግልጥ ይመጣል። ዕፀ በለስን የከለከለው አምላክ የቀረውን የገነት ዛፍ ሁሉ አስቀድሞ እንደ ፈቀደ ካህናት ያውቃሉ።

ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ላይ የሚሰጠው ፍርድ እንዲህ ይሆናል። በስሙ አስማት ቢባልም በሥራው አስማት አይደለም፤ የባልንጀራን ፈቃድ የሚያከብር ሕግ አለውና። እንደ ድርሰት ተራ መጠበቅንና ለሌላው ስፍራ መተውን ያስተምራል፤ እንደ ትምህርት ቤት ግን መምህር፣ እንደ ታሪክ ደግሞ መጨረሻ ይጎድለዋል። ወጣቶች ሥዕልን ብቻ በሚያዩበት ዘመን በገዛ ፈቃዳቸው፣ ያለ ደመወዝና ያለ ቅጣት ተቀምጠው የሚጽፉበት ስፍራ መገኘቱ ግን ሊናቅ የሚገባው ነገር አይደለም። የሚጽፍ ልጅ ሊታረም ይችላል፤ የማይጽፈውን ግን ማንም ሊያርመው አይችልም።